ከእበት እስከ ኤሌክትሪክ፦ ድብልቅ ጋዝ የሚቀበለው የሴራሚክ ሴልና ስሌቱ

የጠጣር ኦክሳይድ የነዳጅ ሴል ጋዝን በነበልባል ሳያነድ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የሴራሚክ መሣሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከ600 እስከ 1000 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ሲሆን፣ ከሌሎች የነዳጅ ሴሎች የሚለየው ነዳጅ ባለማማረጡ ነው። በዝቅተኛ ሙቀት የሚሠሩት፣ ለምሳሌ በመኪና ላይ የሚገጠሙት፣ እጅግ የጠራ ሃይድሮጂን ይፈልጋሉ፤ ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ ከተቀላቀለበት ይመረዛሉ። ይኸኛው ግን ሃይድሮጂንንም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድንም፣ ሚቴንንም ይቀበላል፤ ከእነሱ ጋር ተቀላቅለው የሚመጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎትም ይችላል።

ይህ ባሕርይ እንደ ይፋት ቆላ ላለ አካባቢ ትልቅ ትርጉም አለው። ከሸዋ ሮቢት በአጣዬ አድርጎ እስከ ካራቆሬ በሚዘልቀው የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ግራና ቀኝ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ማሾና ሽንኩርት ይመረታል፤ ከብት፣ ፍየልና ግመል ይረባል። ከእርሻውና ከበረቱ የሚተርፈው እበትና አገዳ ወደ ጋዝ ሊለወጥ ይችላል። የሚገኘው ጋዝ ግን ንጹህ ሳይሆን ድብልቅ ነው። ድብልቁ በሴሉ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ በስሌት ማወቅ፣ ማለትም የሴሉን ሞዴል መሥራት፣ ውድ የሆነውን ሴራሚክ ሳያበላሹ መልስ ለማግኘት የሚያስችል መንገድ ነው።

የሴሉ አሠራር

ሴሉ ሦስት ስስ ንጣፎች አሉት። መካከለኛው ኤሌክትሮላይት ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ጥቂት ኢትሪየም ኦክሳይድ ከተጨመረበት ዚርኮኒያ ነው። በአንዱ ፊት ነዳጁ የሚያልፍበት አኖድ፣ በሌላው ፊት አየሩ የሚያልፍበት ካቶድ ተለጥፈዋል። አኖዱ ጋዝ እንዲያስገባ ሆኖ ቀዳዳ በቀዳዳ የተሠራ የኒኬልና የዚርኮኒያ ድብልቅ ነው።

በካቶዱ በኩል የአየሩ ኦክስጅን ኤሌክትሮን ተቀብሎ የኦክሳይድ አዮን ይሆናል። ዚርኮኒያው በበቂ ሁኔታ ሲግል ይህን አዮን ያሳልፋል፤ ኤሌክትሮንን ግን አያሳልፍም። አዮኑ አኖዱ ጋ ደርሶ ከሃይድሮጂን ጋር ሲዋሃድ ውሃ፣ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ሲዋሃድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። በዚህ ጊዜ የሚለቀቁት ኤሌክትሮኖች በኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ማለፊያ ስለሌላቸው በውጭ ባለው ሽቦ ዞረው ወደ ካቶዱ ይመለሳሉ። በመንገዳቸው አምፖል ያበራሉ፣ ሞተር ያዞራሉ። አንድ ሴል የሚሰጠው ቮልት ከ1 ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ በርካታ ሴሎች ተደራርበው አንድ ቁልል ይሆናሉ።

የሐሳቡ መነሻ ከመቶ ዓመት ያልፋል። ጀርመናዊው ዋልተር ኔርንስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኢትሪየም ኦክሳይድ የተቀላቀለበት ዚርኮኒያ ሲግል ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1937 ኤሚል ባወርና ሃንስ ፕራይስ በስዊዘርላንድ በዚሁ ቁስ የመጀመሪያውን የጠጣር ኦክሳይድ ሴል ሠሩ። ሴሉ የሚሠራው በ1000 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሙቀት ደግሞ ከጎኑ ያሉትን ብረቶችና ማሸጊያዎች ያበላሻል። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ጥረት በአብዛኛው ያተኮረው የሥራውን ሙቀት ዝቅ በማድረግ ላይ ነው።

የአዲስ አበባዋ ተወላጅ አስተዋጽኦ

በዚህ ጥረት ውስጥ ከፍ ብለው ከሚጠሩት ስሞች አንዱ የኢትዮጵያዊት ነው። ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በሰሜን ሸዋ ሸንኮራ የተወለዱት የግዕዝ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ጌታቸው በደርግ ዘመን መጀመሪያ በወታደሮች ጥይት ከቆሰሉ በኋላ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሶስና በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና በበርክሌይ ተምረው፣ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ለረጅም ዓመታት አስተማሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ2004 ሶስናና ዞንግፒንግ ሻው "ኔቸር" በተባለው የሳይንስ መጽሔት ከባሪየም፣ ከስትሮንሺየም፣ ከኮባልትና ከብረት ኦክሳይድ የተሠራ አዲስ ካቶድ አስተዋወቁ። ሴሉ በ600 ዲግሪ፣ እርጥበት ባለው ሃይድሮጂን ሲሠራ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 1 ዋት ያህል ሰጠ። ያው ጽሑፍ ነዳጁና አየሩ ሳይለያዩ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀላቅለው የሚገቡበትን አሠራርም ሞክሯል፤ በፕሮፔን ድብልቅ በ500 ዲግሪ በካሬ ሴንቲሜትር 440 ሚሊዋት ገደማ ተገኝቷል። በቀጣዩ ዓመት ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በመሆን በዚያው መጽሔት ያሳተሙት ሥራ ደግሞ በፕሮፔን የሚሠራ በጣም ትንሽ ቁልል ከውጭ ሙቀት ሳይጨመርለት ራሱን በራሱ አግሎ መሥራት እንደሚችል አሳየ። ተከታይ ጥናቶች ካቶዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኘው አቅሙ እንደሚቀንስ ገልጸዋል። በመሆኑም ከኤሌክትሮዱ ቁስ ጋር የጋዙን ቅንብር አብሮ ማጥናት ግድ ይላል።

ድብልቅ ጋዝ ከየት ይገኛል

ለኢትዮጵያ ገጠር ቅርቡ ምንጭ ባዮጋዝ ነው። ቴክኖሎጂው ወደ አገሪቱ የገባው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ እርሻ ኮሌጅ በኩል ነበር። በስፋት መዳረስ የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ሥራውን ሲጀምር ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ 8 ሺህ ገደማ የቤተሰብ ማብላያዎች ተሠርተው ነበር። "ስንዱ" የተባለው የፕሮግራሙ ማብላያ ከመሬት በታች የሚገነባ ባለ ጉልላት ጉድጓድ ነው፤ ከ4 እስከ 10 ሜትር ኩብ የሚይዙ ልኮች አሉት። እበትና ውሃ እኩል ተለውሰው ይገባሉ፤ አየር በሌለበት ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዙ ከላይ ተጠራቅሞ በቧንቧ ወደ ምድጃና ወደ መብራት ይሄዳል፤ የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል።

ጋዙ በግምት 60 በመቶ ሚቴንና 40 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ የውሃ እንፋሎትና ጥቂት ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይኖርበታል። የይፋት ቆላ ሙቀት ለባክቴሪያዎቹ ከደብረ ብርሃን ብርድ ይልቅ ይስማማል። ፈተናው ውሃ ነው፤ በበጋ ለሰውና ለከብት የሚቀዳው ውሃ ሲያጥር ማብላያውም ይጠማል።

ሁለተኛው ምንጭ ደረቅ ባዮማስ ነው። የማሽላ አገዳ፣ ወይም በአዋሽ ሸለቆ ተስፋፍቶ የግጦሽ መሬት የወረረው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው ዛፍ፣ በቂ አየር በማያገኝበት ምድጃ ውስጥ ሲግል ተቃጣይ ጋዝ ይሰጣል። በአየር የተዘጋጀ እንዲህ ያለ ጋዝ ግማሽ ያህሉ ናይትሮጂን ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን እያንዳንዳቸው ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ ይይዛሉ፤ ቀሪው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ጥቂት ሚቴን ነው። ሬንጅ መሰል ትነትም ስላለበት ሳይጣራ ሴል ውስጥ አይገባም። ሁለቱን ምንጮች ማቀላቀልም ይቻላል፤ የማብላያው ጋዝ ሲያንስ የአገዳው ጋዝ ይሞላዋል። እንዲህ ሲደረግ ግን የድብልቁ ቅንብር በየሰዓቱ ሊለዋወጥ ይችላል፤ የሞዴሉ አስፈላጊነት በዚያው ልክ ይጨምራል።

መቶ ሞለኪውል ባዮጋዝ ሲቆጠር

የሞዴል ሥራ የሚጀምረው ከአቶም ቆጠራ ነው። 100 የባዮጋዝ ሞለኪውሎች ተወስደው 60ዎቹ ሚቴን፣ 40ዎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሁኑ። በኒኬሉ ላይ፣ በ800 ዲግሪ ገደማ፣ አንድ ሚቴን ከአንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተገናኝቶ ሁለት ካርቦን ሞኖክሳይድና ሁለት ሃይድሮጂን ይሆናል። በዚህ መንገድ 40ው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 40 ሚቴን ያስተናግዳል። 20 ሚቴን ግን አጣማጅ ያጣል። ኦክስጅን ካላገኘ ይፈርስና ካርቦኑ ጥላሸት ሆኖ በኒኬሉ ላይ ይቀመጣል።

መድኃኒቱ የውሃ እንፋሎት ነው። ቢያንስ 20 የውሃ ሞለኪውል ሲጨመር የቀሩት 20 ሚቴኖች 20 ካርቦን ሞኖክሳይድና 60 ሃይድሮጂን ይሰጣሉ። ጠቅላላው 100 ካርቦን ሞኖክሳይድና 140 ሃይድሮጂን፣ በድምሩ 240 የነዳጅ ሞለኪውል ይሆናል። እያንዳንዱ 2 ኤሌክትሮን ስለሚሰጥ የሚገኘው 480 ኤሌክትሮን ነው። ሚቴኑ በቀጥታ ቢቆጠርም አንዱ 8 ኤሌክትሮን ስለሚሰጥ 60ው 480 ይሰጣል። ሁለቱ ቆጠራዎች መግጠማቸው ሞዴሉ አቶምም ኤሌክትሮንም እንዳልጣለ ማረጋገጫ ነው።

በተግባር ከ20 የበለጠ እንፋሎት ይጨመራል፤ ምክንያቱም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ራሱ ለሁለት ተጣምሮ ወደ ካርቦንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊመለስ ይችላል፤ ይህም በተለይ ሙቀቱ ዝቅ ባለበት ጥግ ይበረታል። ሴሉ የሚያመነጨውን እንፋሎት ከመውጫው ወደ መግቢያው መልሶ ማዞርም የተለመደ ዘዴ ነው። ውሃ ብርቅ በሆነበት ቆላ ይህ ዘዴ ተጨማሪ ውሃ ከመፈለግ ያድናል።

የሞዴሉ ሦስት ሒሳቦች

የሴል ሞዴል በመሠረቱ ሦስት ሒሳቦችን አንድ ላይ ያስኬዳል። የመጀመሪያው የቁስ ሒሳብ ነው፤ በየቦታው የገባው፣ የተለወጠውና የወጣው ጋዝ ይመዘናል። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ሒሳብ ሲሆን፣ በየቦታው ያለው ቮልትና የፍሰት መጠን ይሰላል። ሦስተኛው የሙቀት ሒሳብ ነው። ሦስቱ ተቆላልፈዋል፤ ሙቀቱ ሲለወጥ የኬሚካዊ ለውጡ ፍጥነት ይለወጣል፣ ጋዙ ሲለወጥ ቮልቱ ይለወጣል፣ ፍሰቱ ሲጨምር ሙቀቱ ይጨምራል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሦስቱ እስኪስማሙ ድረስ እየደጋገመ ያሰላል።

ቮልቱ የሚነሳው ኔርንስት ከተወው ቀመር ነው። እርጥበት ያለበት ሃይድሮጂን በ800 ዲግሪ ሲገባ ቀመሩ 1.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። ከነዳጁ 80 በመቶው አገልግሎት ላይ ውሎ 20 በመቶው ሲቀር ግን ወደ 0.88 ቮልት ይወርዳል። ከዚህ ላይ ሦስት ብክነቶች ይቀነሳሉ፦ ኬሚካዊ ለውጡን ለማስነሳት የሚወጣው፣ አዮኖችና ኤሌክትሮኖች በቁሱ ውስጥ ሲያልፉ የሚገጥማቸው ተቃውሞ፣ እንዲሁም ጋዙ በአኖዱ ቀዳዳዎች እስኪደርስ የሚፈጠረው እጥረት። ድብልቅ ጋዝ ላይ ሦስተኛው ልዩ ትኩረት ይሻል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሃይድሮጂን የከበደና የዘገየ ስለሆነ በቀዳዳው ውስጥ ቀስ ይላል፤ ናይትሮጂንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ኤሌክትሮን ሳይሰጡ ቦታ ይይዛሉ።

የሞዴሎች ዝርዝር እንደ ጥያቄው ይለያያል። ሴሉን እንደ አንድ ነጥብ የሚቆጥረው ሞዴል በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ ይሠራል፤ አንድ ማብላያ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ ለመገመት ይበቃል። ከመግቢያ እስከ መውጫ ያለውን መስመር የሚከተለው ጥላሸት የት እንደሚጠራቀም ያሳያል። በሦስት አቅጣጫ የሚያሰላው ደግሞ ሴራሚኩ የት ሊሰነጠቅ እንደሚችል ይጠቁማል፤ ብዙ የኮምፒውተር ጊዜም ይወስዳል።

አንድ የይፋት ቤተሰብ በስሌት

አራት የቀንድ ከብት ያሉትና በቀን 30 ኪሎ እበት የሚሰበስብ ቤተሰብ ይታሰብ። አንድ ኪሎ እርጥብ እበት 40 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሰጣል ቢባል በቀን 1200 ሊትር ይገኛል፤ ከዚህም 720 ሊትሩ ሚቴን ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1280 ሜትር ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት 87 ኪሎፓስካል ያህል ነው። በዚህ ግፊትና በ30 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሞል ጋዝ 29 ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ የቀኑ ሚቴን 25 ሞል ገደማ ነው።

እያንዳንዱ ሚቴን 8 ኤሌክትሮን ሰጥቶ፣ ከነዳጁ 80 በመቶው አገልግሎት ላይ ቢውልና የሴሉ ቮልት 0.75 ቢሆን፣ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ 130 ዋት ያህል ይገኛል። የአየር ማራገቢያውና የኤሌክትሪክ መቀየሪያው ድርሻ ሲነሳ 115 ዋት ቢቀር፣ በቀን ወደ 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ለበርካታ አምፖሎች፣ ለስልክ፣ ለራዲዮና ለቴሌቪዥን ይበቃል። ከ3 ኪሎዋት በላይ ለሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን አይሆንም። ያው ጋዝ 20 በመቶ ቅልጥፍና ባለው አነስተኛ ጄኔሬተር ቢነድ 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይሰጥ ነበር።

ከፍታው በሴሉ ቮልት ላይ ያለው ተጽዕኖ ከሚገመተው ያነሰ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር የሚጎድለው 4 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ 2840 ሜትር ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ 8 ሚሊቮልት ያህል። ተጽዕኖው ጎልቶ የሚታየው በማራገቢያው ላይ ነው። ያንኑ ያህል ኦክስጅን ለማድረስ ሸዋ ሮቢት ላይ 16 በመቶ ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 40 በመቶ ገደማ የበለጠ አየር መንፋት ይኖርበታል። ያው አየር ሴሉን የሚያቀዘቅዘውም ስለሆነ፣ በባሕር ዳርቻ አገር ተሠርቶ የመጣ መሣሪያ ይህ ሳይታሰብለት ከተተከለ ሴሉን በወጉ ማቀዝቀዝ ያቅተዋል።

በ130 ዋት ደረጃ ሌላም ችግር አለ። ትንሽ ቁልል ከሚያመነጨው ሙቀት ብዙውን በገጹ በኩል ስለሚያጣ ግለቱን ጠብቆ መቆየት ይከብደዋል። ስለዚህ ስሌቱ የሚደግፈው የአንድ ቤት ሴልን ሳይሆን የብዙ ከብቶች እበት የሚጠራቀምበትን ስፍራ ነው፤ ማድለቢያ፣ ቄራ፣ የወተት ማኅበር፣ ወይም የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ።

ሦስቱ አደጋዎች

የመጀመሪያው አደጋ ጥላሸት ነው። ካርቦን የአኖዱን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ በኒኬሉ ውስጥ ገብቶ ሲያድግም ብረቱን ከውስጥ ያፈርሰዋል።

ሁለተኛው ሰልፈር ነው። ባልተጣራ ባዮጋዝ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከመቶዎች እስከ ሺዎች ሊደርስ ይችላል፤ ኒኬሉ ግን ጥቂት ክፍሎች ብቻ ሲያገኙት ሥራውን ማቆም ይጀምራል። ስለዚህ ጋዙ መጀመሪያ በብረት ኦክሳይድ፣ ቀጥሎ በገቢር ከሰል ውስጥ ያልፋል። የማጣሪያው መለወጫ ቀን ከሞዴሉ ጋር አብሮ መሰላት ያለበት ወጪ ነው።

ሦስተኛው የሙቀት ልዩነት ነው። ሚቴንን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን በእንፋሎት መበተን በአንድ ሞል 206 ኪሎጁል፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መበተን 247 ኪሎጁል ሙቀት ይወስዳል። ይህ በአንድ በኩል ጥቅም ነው፤ ሴሉ የሚያባክነውን ሙቀት መልሶ ነዳጅ ያደርገዋል። ነገር ግን መበተኑ በአኖዱ መግቢያ ላይ በፍጥነት ከተጠናቀቀ መግቢያው ይቀዘቅዛል፣ መውጫው ይግላል፤ ሴራሚኩም ሳይሟሽ በእሳት ላይ እንደተጣደ አዲስ ምጣድ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብዙ ዲዛይኖች ከሚቴኑ ከፊሉን ሴሉ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሌላ ክፍል ይበትኑታል። ምን ያህሉ ቀድሞ መበተን እንዳለበት የሚወስነው ሞዴሉ ነው።

ከስሌት ወደ ሥራ

በድብልቅ ጋዝ የሚሠሩ ሴሎች ከቤተ ሙከራ ወጥተዋል። በጣሊያን ቶሪኖ አጠገብ ባለው የኮሌኞ ፍሳሽ ማጣሪያ፣ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ 174 ኪሎዋት እንዲደርስ የታቀደ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያውን ሞጁል አስጀመረ፤ ነዳጁ ከፍሳሽ ዝቃጭ የሚወጣው ባዮጋዝ ነው። በቬትናም ሜኮንግ ደልታ ደግሞ የጃፓኑ ኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሽሪምፕ ኩሬ ዝቃጭ የሚገኝ ባዮጋዝን በጠጣር ኦክሳይድ ሴል ተጠቅመው ለኩሬው ኤሌክትሪክ የሚያቀርብ ሥርዓት ሞክረዋል። የሁለተኛው ሁኔታ ለይፋት ይቀርባል፤ ሙቅ አየር፣ ተበታትኖ ያለ ተረፈ ምርትና የሚቆራረጥ የኤሌክትሪክ መስመር ያለበት የገጠር ምርት ነውና።

ለይፋት የሚሠራ ሞዴል ግን ከቶሪኖም ከሜኮንግም ቁጥር መዋስ አይበቃውም። በቅድሚያ የሚያስፈልገው የአካባቢው ጋዝ ቅንብር በክረምትና በበጋ፣ ከብቶቹ አገዳ ሲበሉና ለምለም ሣር ሲግጡ ተለክቶ መመዝገቡ ነው። ቀጥሎ የሰልፈሩ መጠን፣ የማብላያው የቀን ምርትና የውሃው አቅርቦት ይመጣሉ። የማብላያው ጉልላት ጥንካሬም ሊታይ ይገባል፤ ካራቆሬ በ1953 ዓ.ም. ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰባት በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ያለች ከተማ ናት፤ የተሰነጠቀ ጉልላት ደግሞ ጋዝ ያፈሳል። እነዚህን መለኪያዎች ለመሰብሰብ የነዳጅ ሴል መግዛት አያስፈልግም፤ የጋዝ መለኪያ፣ ቴርሞሜትርና በየቀኑ በጥንቃቄ የሚሞላ መዝገብ ይበቃል።

ልኬቶቹ ሲገኙ ሞዴሉ በመጀመሪያ በታወቀ የቤተ ሙከራ ውጤት ይፈተናል፤ የተለካውን ቮልትና ሙቀት ካልደገመ ይታረማል። ከተፈተነ በኋላ በየትኛው ድብልቅ ምን ያህል እንፋሎት እንደሚያስፈልግ፣ ማጣሪያው መቼ እንደሚለወጥ፣ ስንት ከብት ያለው ማኅበር ሴሉን አዋጭ እንደሚያደርገው ይናገራል። ሴሉ የሚያስወጣው ሙቀትም ውሃ ለማፍላትና በብርዳማ ቀናት ማብላያውን ለማሞቅ ስለሚውል፣ ከነዳጁ ጉልበት ጥቅም ላይ የሚውለው ድርሻ ከኤሌክትሪኩ ብቻ ከሚገኘው 50 በመቶ አልፎ ከ80 በመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህ ድርሻ በትክክል ሲሰላ የይፋት እበትና አገዳ ለነዳጅ ሴል የሚበቃበትና የማይበቃበት ስፍራ ተለይቶ ይታወቃል።